ቤቱን የሠራው እህል

አክሱም አጠገብ ሐውልቲ በሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በተካሄደ ቁፋሮ፣ ከአፈር ከወጡት ዕቃዎች መካከል የሣር ክዳን ያለው ቤት የሸክላ አምሳያ ይገኝበታል። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው። የተሠራው የአክሱም መንግሥት ሳይነሣ፣ ሐውልቶቹም ሳይቆሙ ነው። አንድ የዘመናችን ገበሬ ቢያየው ግን ምንነቱን ማንም እንዲነግረው አይጠይቅም። ክዳኑ ለምን እንደዚያ ቁልቁል እንደወረደ ያውቀዋል።

በዚያ ዘመን በሬ ጠምዶ ማረስ በሰሜኑ ደጋ የተለመደ ነበር። ማረሻ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ደግሞ ማሳው ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በማረሻ የሚኖር ሰው ምርቱን በዓመት አንድ ጊዜ ሰብስቦ ዓመቱን ሙሉ ይበላዋል። ከኅዳር እስከ ጥር አውድማ ላይ የተወቃው እህል ክረምቱን ተሻግሮ እስከሚቀጥለው መኸር መድረስ አለበት፤ ከዚያውም ላይ ለዘር የሚሆነው ይቀነሳል። ዝናብ፣ ነቀዝ፣ አይጥና ምስጥ ይጠብቁታል፤ ሰውም እንዲሁ። በሬዎቹም ሌሊት ከጅብና ከሌባ መዳን አለባቸው፤ እነሱ ከሌሉ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ የለም። ከዚህ ወዲህ ባሉት ዘመናት ሁሉ የደጋው ገበሬ ቤትና ግቢ መልኩን ያገኘው ከእነዚህ ሁለት ጭንቀቶች ነው። ሰውየው የሚተኛው እህልና ከብት ቦታቸውን ከያዙ በኋላ በተረፈው ነው።

አክሱም ሲገን ባለጸጋው ሌላ ዓይነት ቤት መሥራት ጀመረ። ድንጋይ በጭቃ እየተካበ፣ በየመሐሉ አግዳሚ እንጨት እየገባ፣ የእንጨቱ ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ ይታያል። ይህን ወጣ ያለ ጫፍ ሰዎች የዝንጀሮ ራስ ይሉታል። ትልልቆቹ ሐውልቶች ላይ በሮችና መስኮቶች፣ የዝንጀሮ ራሶቹም ሳይቀሩ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀርጸዋል፤ የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አሠራሩን እስከ ዛሬ በእውነተኛ ድንጋይና እንጨት ያሳያል። እንጨቱ ለጌጥ የገባ አይደለም። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ድንጋይ ሲረዝም ይሰነጠቃልና አግዳሚው ግድግዳውን አስሮ ይይዘዋል። አሠራሩ የሚሆነው ግን ደን ላለው አገር ነው።

ህድሞ የሚባለው የትግራይ ቤት ከዚህ የድንጋይ ባህል ጋር ዝምድና አለው። ዝናቡ አነስተኛ በሆነበት አገር ጣራው ጠፍጣፋ ቢሆን ችግር የለበትም። ከባድ ከባድ ግንድ ይጋደማል፣ በላዩ ጭራሮና ቅጠል ይነጠፋል፣ ከዚያ አፈር ይደለደላል። ጣራው ላይ እህል ይሰጣል፤ ድርቆሽና ጭድም ይከመርበታል። ድንጋዩ ከእርሻው ላይ ተለቅሞ የመጣ ስለሆነ ቤት መሥራት ማሳ ማጽዳትም ነው። የህድሞ ጣጣው ጣራው ነው፦ አፈሩን የሚሸከም ግንድ ብዙ ይፈልጋል። ደኑ እየራቀ ሲሄድ ቤቱም እየጠበበ፣ ግንዱም እየቀጠነ መጣ።

ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ፣ ዝናቡ ወደሚበረታበት ወደ ጎጃም፣ ወደ ጎንደርና ወደ ሸዋ ሲወረድ ጠፍጣፋ የአፈር ጣራ አያዋጣም። እዚህ ነው ክቡ ጎጆ የነገሠው። ምክንያቱ ውበት ወይም እምነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት እንጨቱን አያለሁ። ካስማ ተክሎ ገመድ አስሮ የሚዞር ሰው መሠረቱን ያለ መለኪያ ያወጣል። ክብ ግድግዳ በዚያው ርዝመት ከአራት ማዕዘን ይልቅ ሰፊ ቦታ ያቅፋል፣ ነፋስም የሚይዘው ማዕዘን የለውም። ከሁሉም በላይ አጭርና ጠማማ እንጨት ይበቃዋል። ወይራና ዋንዛ እንደ አጣና ቀጥ ብለው አያድጉም። ቋሚዎቹ በተቆፈረው ቦይ ይተከላሉ፣ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦና ሰንብቶ ይመረጋል። ወራጆቹ ከግድግዳው ተነሥተው መሐል ላይ ምሰሶው ጫፍ ይገናኛሉ፤ ሰንበሌጥ ወይም ሌላ ሣር ይለብሱና ጫፉ ጉልላት ይደፋበታል። ክዳኑ ሹል የሆነው ውኃው ሣሩ ውስጥ ሳይሰርግ ቶሎ እንዲንሸራተት ነው፤ ለጥ ያለ የሣር ክዳን በአንድ ክረምት ይበሰብሳል። ሥራው በደቦ ነው፦ አንድ ሰው ብቻውን ጎጆ አይሠራም፣ ጠላ ሳይጠመቅም ደቦ አይወጣም።

ውስጡ ጭስ ነው። ዛሬ ጤና ባለሙያዎች የሚያወግዙት ይህ ጭስ ለክዳኑ መድኃኒት ነበር። ከምድጃው ተነሥቶ በሣሩ ውስጥ እየሾለከ ይወጣል፣ ጥቀርሻው ሣሩንና ወራጁን ይቀባል፣ ተባይ አይጠጋም። ለዘር የተመረጠ በቆሎ ወይም ማሽላ ከምድጃው በላይ የሚሰቀለው ለዚሁ ነው። የእናቶች ዓይን የከፈለው ዋጋ ግን ከሒሳቡ የሚወጣ አይደለም።

ከፍታው ቤቱን ይለውጠዋል። ቆላ ላይ ግድግዳው ስስ ነው፣ ነፋስ እንዲገባ አንዳንዴ ሳይመረግ ይተዋል። ወይና ደጋው በጭቃ ይመርጋል። መንዝና ላስታን የመሰለ ብርድ አገር ድንጋይ ይክባል፤ ከብቱም ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ይገባል። በላስታ ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች ምድር ቤቱ የከብት፣ ላዩ የሰው ነው። የበሬ ትንፋሽ ሌሊቱን ያሞቃል፤ ከብት ላለው ሰው ማሞቂያም መጠበቂያም አንድ ላይ ነው። በሌሎችም አገሮች ትልልቆቹ ጎጆዎች ሁለት ክብ ግድግዳ አላቸው። በሁለቱ መሐል ያለው ዙሪያ ለጥጃ፣ ለበቅሎና ለዕቃ ይሆናል፣ የውስጠኛው ክፍል ለሰው ነው። የጭቃ መደብ ላይ ይቀመጣሉ፣ ይተኛሉም፤ ልጆች ቆጥ ላይ ይወጣሉ።

ጎተራ ግን ውጭ ነው፤ ግቢ ውስጥ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ በጣም የታሰበበትም እሱ ይመስለኛል። ከቀንበጥ ወይም ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይታታል፣ በእበትና በጭቃ ይመረጋል፣ ድንጋይ ወይም ጉቶ ላይ ይቀመጣል። ከመሬት ከፍ ያለው እርጥበትና ምስጥ እንዳይደርስበት፣ አይጥም ቢጠጋ በሥሩ ድመት እንድትገባበት ነው። ከላይ የሚነሣ የሣር ቆብ አለው። ቦታውም ዝም ብሎ አይመረጥም፤ ከቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚታይ መሆን አለበት። ምርጊቱ ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ እንደ እህሉ ይለያያል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፣ ዓመታት ይቆያል፤ ነገር ግን ከደቃቅነቱ የተነሣ በመርፌ ቀዳዳ የሚያክል ስንጥቅ ካገኘ ይፈሳል። ስለዚህ የጤፍ ጎተራ ውስጡ ጭምር በጥብቅ ይለቀለቃል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሴቶች በእጃቸው ያበጁት ጎታና ድብኝት አለ፤ ለዕለት የሚቀነሰው ከእነዚህ ነው። ጎተራው የባል፣ ጎታው የሚስት ነው የሚባልበት አገር አለ፤ እህሉ ከጎተራ ወደ ጎታ ሲዛወር ሥልጣኑም አብሮ ይዛወራል።

እህል የቤቱን መልክ እንደሚወስን ለማየት እህል ወደማይገዛበት አገር መሄድ ነው። የጉራጌ ቤት ከደጋው ጎጆ በሥራው ጥራት ይበልጣል እንጂ አያንስም፣ ከብቱም ውስጥ ያድራል። ግቢው ግን እንደ ጎጃም በጎተራ አይሞላም። እንሰት በየዓመቱ አንዴ የሚታጨድ ሰብል አይደለም፤ ቆሞ ይጠብቃል። የተፋቀው ቆጮ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላል። ከብቱ ቤት ማደሩ በዋናነት ለፍግ ነው፤ እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም።

ወደ ሰሜኑ እንመለስ። ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገሪቱን ሲዞር ያየው ቤተ መንግሥት የድንኳን ከተማ ነው። ንጉሡ ይጓዛል፤ ሠራዊቱና ጓዙም አብሮት። የሰፈረበት አካባቢ እንጨቱም እህሉም ሲያልቅ ወደ ሌላ ይነሣል። በ17ኛው መቶ ዘመን ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ በኖራ የተገነባ ግንብ ቆመ፤ ይሁን እንጂ ገበሬው ኖራ አልደረሰውም። የደረሰው ወታደሩ ነው። ተሰሪ ወታደር ባላገሩ ቤት ገብቶ ከነፈረሱና ከነአሽከሩ ይቀለባል። ለ80 ዓመት ያህል በዘለቀው በዘመነ መሳፍንት ይህ ግፍ ወሰን አልነበረውም።

እንዲህ ባለ ዘመን ሙሉ ጎተራ በር ላይ ማቆም ሠራዊት መጥራት ነው። ስለዚህ እህሉ መሬት ገባ። የእህል ጉድጓድ በጠርሙስ ቅርጽ ይቆፈራል፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። ውስጡ እሳት ይነድበትና ይደርቃል፣ ጭድ ይነጠፋል፣ እህሉ ይሞላል፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል፣ አፈር ይለብሳል። ከላይ ከብት ቢያድርበት ወይም ምድጃ ቢነድበት ማንም አያውቅም። እህሉ ትንሽ ይሸታል፣ ዳር ዳሩ ይበላሻል፤ ከዘረፋ ግን ይተርፋል። ቤቱም በዚሁ መንፈስ ተሠራ። ትልቅና ያማረ ቤት ብዙ ወታደር ይመራበታል፤ የሣር ጎጆ ቢቃጠል በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይቆማል። የውጭ ተጓዦች የገበሬውን ቤት አይተው ድኽነትና ስንፍና ሲጽፉበት ኖረዋል። እኔ ግን ከልምድ የመጣ ጥንቃቄ አይበታለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩን በደመወዝ አሳድረው ከባላገሩ ጫንቃ ለማውረድ ሞክረው ነበር፤ አልሠመረላቸውም።

ጎንደር በተቆረቆረችበት በ17ኛው መቶ ዘመን መንዝ ላይ ከቤት አሠራር የተወለደ ትልቅ ሥርዓት ተጀመረ። ከ3200 ሜትር በላይ ባለው ብርድ አገር ለክዳን የሚሆነው ጓሳ የተባለው ጠንካራ ሣር ነው። ጓሳ ክዳን ብቻ አልነበረም። ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ መከላከያ ጌሳ ይሠራበታል፣ ፍራሽ ይሆናል። በቃል ሲወርድ በመጣው ታሪክ መሠረት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች የያዙትን ሰፊ የጓሳ መሬት ዘሮቻቸው ቄሮ በሚባል ሥርዓት አስተዳደሩት። መሬቱ ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጋል። ማጨድ የለም፣ ማሰማራት የለም፣ እንጨት መልቀም የለም። ሣሩ ክዳን ለመሆን ሲበቃ ሽማግሌዎች ያዩታል፣ ሕዝቡ ይነገረዋል፣ ይከፈታል፣ ይታጨዳል፣ እንደገና ይዘጋል። ጣራ ምን ያህል ዓመት እንደሚቆይና ሣር ለማደግ ምን ያህል እንደሚፈጅ አስማምቶ ሕግ ያደረገ ማኅበረሰብ ነው። በዚህ የተነሣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ዛሬ ድረስ እዚያ ይኖራሉ። ማንም እነሱን አስቦ አልነበረም፤ የታሰበው ጣራው ነው።

ከዚያ በ1880 ዓ.ም. የከብት በሽታ ገባ። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቡት ከብት ተነሥቶ አገሪቱን ያዳረሰው ይህ በሽታ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ጨረሰ። በረቱ ባዶ ሆነ፣ ጠማጅ ጠፋ፣ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። ክፉ ቀን የተባሉት ዓመታት መንደሮችን በሙሉ አጠፉ። በሬ ያጣ ሰው በዶማ ቆፍሮ ዘራ፤ ጎተራ የሚመረግበት እበት እንኳ ብርቅ ሆነ። በዚሁ ማግስት ዐፄ ምኒልክ ዐሥራት ደነገጉ፤ ከምርቱ ከዐሥር አንዱ ለሠራዊቱ ስንቅ ይገባ፣ ወታደሩም ከባላገሩ ቤት ይውጣ ተባለ። በሁሉም ቦታ እንደታሰበው አልሆነም። እህልም መንግሥት የሚለካው ነገር ስለሆነ መደበቂያው ጉድጓድ ባለበት ቀጠለ።

የቤቱን ቅርጽ ከሥሩ የለወጠው ግን ከተማው ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በ15 ዓመት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ያስቀራቸው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ በጥቂት ዓመት ለቁርጥ ይደርሳል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከብት ቅጠሉን አይበላውም። ደግሞም ቀጥ ያለ ነው። ይህ የመጨረሻው ጠባይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የአገሬው እንጨት ገበሬውን ወደ ክብ ሲገፋው፣ አጣና ወደ ማዕዘን ገፋው።

ሁለተኛው ገፊ በባቡር መጣ። ሐዲዱ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከጭነቱ ውስጥ ቆርቆሮና ምስማር ነበሩበት። ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ሉህ ነው። በሾጣጣ ጣራ ላይ ለማልበስ እየሰያፉ መቁረጥ ያስፈልጋል፣ ብዙውም ፍርፋሪ ሆኖ ይቀራል። ዋጋውን የከፈለ ሰው ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ቤቱንም በአራት ማዕዘን ይሠራል። መጀመሪያ የለበሱት የመኳንንቱ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ቀጥሎ የነጋዴዎቹ ናቸው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ የሠራቸው መንገዶች ሉሁን በጭነት መኪና ወደ ክፍለ ሀገር አደረሱት፣ የመንገድ ዳር ከተሞችም አንድ በአንድ አብረቀረቁ።

ገበሬው ግን ብዙ ቆየ። ገንዘብ ማጣቱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው መሬቱ ነው። በደቡብና በከፊል ወሎ ጭሰኛ የሆነ ሰው እኩል ወይም ሲሶ ከፍሎ በባለመሬቱ ፈቃድ ይኖራል። ነገ ሊነሣ የሚችል ሰው ዛፍ አይተክልም፣ ቆርቆሮም አይመታም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ቀንበር ሰበረ። ምርቱ አውድማ ላይ መከፈሉ ቀረ፤ ጎተራውም የሚሞላው ለገበሬው ራሱ ሆነ። በዚያው አዋጅ የመንዝ የቄሮ ሥርዓትም ፈረሰ፤ ርስት ሲቀር በርስት የቆመው ሕግ አብሮ ቀረ፣ ጓሳውም ለሁሉም ክፍት ሆነ። አንድ አዋጅ ከሁለቱ ወገን ሆኖ ሲታይ እንዲህ ነው።

ከ10 ዓመት በኋላ ደርግ ቤቱን ራሱን አነሣው። ከሐረርጌና ከባሌ ጀምሮ በተስፋፋው የመንደር ምሥረታ ከ10 ሚሊዮን በላይ ገበሬ ተበታትኖ ከሚኖርበት ተነሥቶ በሰልፍ ወደተለካ ቦታ ገባ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውኃ ለማድረስ ይቀላል ተባለ፤ ለመቆጣጠርም ይቀላል። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ያላዩት ነገር ቤቶቹ ለምን እንደተበታተኑ ነው። ገበሬ ማሳው ጎን የሚኖረው ከደጁ ሆኖ ዝንጀሮና ወፍ ለመጠበቅ፣ የከብቱን ፍግ ሳይርቅ ጓሮው ላይ ለመድፋት፣ ነዶውን አውድማ ድረስ በአጭር ለማጓጓዝ ነው። አሁን ማሳው ሩቅ ሆነ። ማማ ላይ የሚያድር ልጅ ብቸኛ ሆነ፣ ፍጉም መንደሩ ውስጥ ተከመረ። የሣር ክዳኖች ተጠጋግተው ሲሠሩ ደግሞ አንዱ ቢነድ ሌላውን ያስከትላል። በ1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ገበሬው ቀጣዩን መመሪያ አልጠበቀም፤ በብዙ ቦታ ቤቱን ነቅሎ ወራጁንና ምሰሶውን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ይዞታው ተመለሰ። ጎጆ ተነቅሎ የሚሄድ ቤት መሆኑ ያን ቀን ጠቀመው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የቆርቆሮ ነው። የግጦሽ መሬት ሲታረስ ሰንበሌጥ ጠፋ፣ ጭዱም ለከብት መኖ ዋጋ አወጣ፤ ሣር ቤት መሥራት ከቆርቆሮ የማይረክስበት አካባቢ ብዙ ሆነ። አዲሱ ቤት ዝናብ አያፈስም፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አይፈልግም። ነገር ግን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ በረዶ ሲወርድበት ሰው ለሰው አይሰማማም። ጭሱም መውጫ አጣ። ስለዚህ ምድጃው ከቤት ወጣ፤ ማድቤት ለብቻው ተሠራ፣ ከብቱም የራሱ በረት ተሠራለት። አንድ ጣራ ሥር የነበረው ኑሮ በግቢው ውስጥ ሦስትና አራት ቦታ ተከፋፈለ። መንዝ ላይ ደግሞ ማኅበረሰቡ የጓሳውን ጥበቃ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቋቁሞታል፤ የክልሉ መንግሥትም በሕግ አውቆታል።

ጎተራውም እየሄደ ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት መጥቷል። አፉ ሲታሰር ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቅና ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ እበትም ምርጊትም አያሻውም። ከረጢቱ ቤት ውስጥ መደርደር አለበት፣ ስለዚህ አዲሱ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ አንዱ ክፍል ለእህል ይታሰባል። ብዙው እህል ግን ክረምቱን አይጠብቅም፤ ለማዳበሪያ ዕዳና ለትምህርት ቤት ወጪ ከአውድማው በቀጥታ በኩንታል ተጭኖ ይሸጣል። በመኪና መንገድ ዳር ያሉት አዳዲስ ቤቶች በራቸውን ወደ መንገዱ አዙረዋል፤ የፊተኛው ክፍል ሱቅ ሆኖ ይከራያል፣ ገዢው ነጋዴ እዚያው በር ላይ ሚዛኑን ይሰቅላል።